ጥበትና ብርሃን

ከጉና ተራራ ዙሪያ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ፣ ማር በብርድ ሌሊት ሲረጋ ያየ ሰው የፈሳሽን ውፍረት በማማሰያ ይለካዋል፤ ሕያው ሕዋስ ግን ሳይሞት የሚማሰል አይደለምና፣ የዘመኑ ሊቃውንት ሞለኪውላዊ ሮተር የሚሉትን ረቂቅ ቀለም ይልኩበታል። ይህም ቀለም የተቀበለውን ብርሃን በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ እንደ ልቡ እየዞረ በሙቀት ያባክነዋል፤ በወፈረው ውስጥ ግን መዞር ስለሚሳነው ያንኑ መልሶ ያበራዋል፤ በናኖሰከንድ የሚቆጠረው የብርሃኑ ዕድሜም የውፍረቱ መስፈሪያ ይሆናል። በ2008 እ.ኤ.አ. በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ማሪና ኩይሞቫና ባልደረቦቿ ይህን በሕያው ሕዋስ አሳይተዋል።

እንግዲህ መዞርን እንደሚከለክለው ውፍረት፣ ጥበት ለሰውም ብርሃንን ይወልዳልን? በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ከዘመድ ተለይቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ዓመታቱን ሁሉ ለድጓ የሰጠ ተማሪ የ«አዎን» ምስክር ይመስላል። እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ ውፍረቱ ብርሃንን አልፈጠረም፣ አስቀድሞ ከውጭ የተሰጠው እንዳይባክን ከለከለ እንጂ፤ ረኀብ ለተማሪ ጸጋ ነው የሚሉ ጠግበው ያደሩ ሰዎችም (አንዳንዶቹን አውቃለሁ) ይህን ልዩነት አይመረምሩትም። ደግሞስ ቀለም ሁሉ ጥበትን አይሻም፤ ፍሎረሰይን የሚባለው በተራ ውሃ ውስጥም አጥብቆ ያበራል።