ማፍረስም ሥርዓት አለው

ከመካከላችን አሮጌ ቤት ተኮናትረው በማፍረስ ኑሮ ለመጀመር የተነሡ አሉ። «ለማፍረስ ድጅኖና ጉልበት ይበቃል» የሚሉም አይጠፉም። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

የጭቃ ቤት የሚፈርሰው ከተሠራበት ቅደም ተከተል በተገላቢጦሽ ነው። አስቀድሞ መብራቱ ይቋረጣል፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው፣ ከዚያም ማገሩና ወራጁ ይወርዳል፤ ግድግዳው በመጨረሻ ከላይ ወደ ታች ይነሣል። ግድግዳን ከሥሩ ቦርቡሮ መጣል ሥራውን ያፋጥናል፤ ወዴት እንደሚወድቅ ግን አዛዥ የለውም።

የጀማሪ ፈተናም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ለማግኘት ዋጋ ይሰብራል፤ የጎደለውን ለመሙላት ሄልሜቱ ይቀራል፤ በርካሽ የሚሠራ ልጅ ይቀጠራል። የአገራችን አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ወጣት ለሕይወቱና ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል። ከአዋጁም አስቀድሞ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግ፣ አለዚያ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚመጣ ያስጠነቅቃል። ለሠሪ እንዲህ ከታዘዘ ለአፍራሽማ እንዴት አይበልጥ!

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ዋጋ ስትሰጥ ለሰው ደኅንነት የሚወጣውን ወጪ አስቀድመህ አስገባ። በዚያ ዋጋ ሥራው ካልተገኘ ይቅር። የጎረቤትን ግድግዳ እንደ ራስህ ጠብቅ። የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈል። ቆርቆሮውና እንጨቱ ተሽጦ ያልቃል፤ ሠራተኛህ ሁሉ ማታ በደኅና ወደ ቤቱ ከገባ ግን እውነተኛው ትርፍህ እርሱ ነው።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ አሜን።