«ሐራም ይሆንብኛል ወይ?»

 

የዛሬውን ርዕስ ብዙዎቻችን ኡስታዞች አናነሳውም። እኔም ለዓመታት አላነሳሁትም። ስለ ጡት ካንሰር ነው። «ይህማ የሐኪም ሥራ ነው፣ ለጁሙዓ ማስታወሻ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስኪ መጀመሪያ ታሪኩን ስሙኝ።

አርባ ምንጭ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ ሳያነሳ፣ «ኡስታዝ፣ እናቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላኝ ነው» አለኝ። «ጡቷ ላይ እብጠት አለ። ሐኪሙ ወንድ ነው ተባለች። ማሳየት ሐራም ይሆንብኛል ወይ? ትላለች።»

«መቼ ነው ያዩት?» አልኩት።

«ስምንት ወር አልፎታል።»

ለልጃቸው የነገሩትም እብጠቱ ብብታቸው ድረስ ከዘለቀ በኋላ ነው።

እኝህን እናት አውቃቸዋለሁ። ትውልዳቸው ዶርዜ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ቁልቁል የሚታዩበት፣ እንሰትና ቀርቀሃ የሞላው ደጋ። በዶርዜ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ጥጥ ትባዝታለች፣ ትፈትላለች። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ከምታዩት ጋቢና ነጠላ ብዙው የነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ባለቤታቸው ሸማኔ ናቸው፣ እሳቸው ፈታይ። ለሴቶች በምሰጠው ደርስ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ከሚያዳምጡት ውስጥ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

ሐቂቃ እኔን ያመመኝ ይህ ነው። ከዚያ መጋረጃ ወዲህ ሆኜ ስለ ሐያእ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ሴት ልጅ ዐውራዋን ስለመጠበቋ ስንት ደርስ ሰጥቻለሁ! በታመመች ጊዜ ግን ሑክሙ ምን እንደሆነ አንዲት ደቂቃ ወስጄ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ያስተማርኳቸውን ይዘው ስምንት ወር ተቀመጡ። ያላስተማርኳቸውን ከየት ያምጡት?

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከኔ ዘንድ የዕዳ መክፈያ ነው።

ሑክሙ ምን ይላል?

ለልጁ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ ሐራም አይደለም፣ ነገ ጠዋት ይሂዱ።

ዝርዝሩ ይህ ነው። ሙያው ያላት ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቀደማለች። ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ያያታል፤ ለምርመራና ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን፣ ባሏ ወይም መሕረሟ ወይም ሴት ነርስ ባለችበት። ዑለማዎች ይህን በደሩራና በሐጃ ምዕራፍ ሥር ይዘረዝሩታል። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ የተባለችው ሶሐቢያ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በዘመቻ ወጥተው የቆሰሉትን ያክሙ እንደነበር የነገረችን በቡኻሪ ተዘግቧል። ሴቶች ወንዶችን ማከማቸውን ነቢያችን እያዩ አልከለከሉም። ዑለማዎችም ከዚህ ተነስተው ወንድ ሴትን ለማከም ሲቸገር ያለውን ሑክም አወጡ።

ሌላም አለ። ኡበይ ኢብኑ ከዕብ በታመመ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐኪም ላኩበት፤ ሐኪሙም ደም ሥሩን ቆርጦ በእሳት ተኮሰው። ይህ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ይገኛል። ዱዓቸው ተቀባይነት ያለው ነቢይ ለሶሐባቸው ሐኪም ከላኩ፣ እኛ «ዱዓ ይበቃናል» ለማለት ማን ነን? ሩቅያ እናድርግ፣ ዘምዘም እንጠጣ፣ ጥቁር አዝሙድም እንውሰድ። ነገር ግን እነዚህን ይዘን ከሐኪም ደጅ ብንቀር ሱናውን ግማሽ ብቻ ነው የያዝነው።

ሐያእ እና ዝምታ

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። የሚጥል በሽታ እንዳለባትና ስትወድቅ ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ታግሳ ጀነትን እንድታገኝ ወይም እንድትድን ዱዓ እንዲያደርጉላት ምርጫ ሰጧት። መታገሱን መረጠች። ግን አንድ ነገር ለመነች፦ ስትወድቅ እንዳትገለጥ። ዱዓ አደረጉላት።

የዚህችን ሴት ሐያእ ተመልከቱ። ከበሽታው ይልቅ መገለጧ ነው ያስጨነቃት። ግን ዝም ብላ ቤቷ አልተቀመጠችም። ተነስታ መጣች፣ ምን እንደሚሆንባት በግልጽ ተናገረች፣ መፍትሔም ጠየቀች። ሐያእ ማለት ይህ ነው። ሐያእ ገላችንን ከማይመለከተው ዓይን ይጠብቅልናል፤ ዝምታ ግን ሊያክመን ከሚችለው እጅ ያርቀናል። ሁለቱ አንድ ልብስ ስለለበሱ ነው የምንሳሳተው።

«እሷስ ሕክምናን ትታ ሰብርን መርጣ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እሷ ጀነትን ከነቢዩ አንደበት ቃል ተገብቶላታል። አንተና እኔ ያ ቃል የለንም። ለኛ የደረሰን፣ የገጠር ሰዎች «እንታከም ወይ?» ብለው ሲጠይቋቸው ታከሙ ማለታቸው ነው፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ማወቅ ያለብን

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670,000 ገደማ ሞተዋል። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ይኸው ነው። የአሮጊቶች በሽታም አይደለም፤ እኛ ዘንድ በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ እናቶችን፣ ከዚያም ያነሱትን ይይዛል። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ወንዶችንም ይይዛል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም መወፈርና መቅላት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም ያለው ፈሳሽ መውጣት። እህቴ፣ ይህን ልብ በይ፦ እብጠቱ ብዙ ጊዜ አያምም። «ካላመመኝ ምን አለበት» ያስባላቸውም ይኸው ነበር። ደግሞም አትደንግጪ፤ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ምርመራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ምልክት ይዛ ጤና ተቋም ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ምን እንደሆነ ሊታወቅላት ይገባል ይላል። ስልሳ ቀን እንደ ረጅም ጊዜ ነው የተቆጠረው። እኛ እናታችንን ስምንት ወር አስቀምጠናታል።

ከሕመሙ ጋር መኖር

እኝህ እናት ሄዱ። ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ደረሱ፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ወደነበረው ጥቁር አንበሳ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሕመምተኛ የመድኃኒቱን ያህል የሚከብደው ማደሪያው ነው። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ማረፊያ ቤት እንዳለው ብዙዎቻችን አናውቅም። ያ ቤተሰብ ሐዘኑን ለሌላው ሰው መጠለያ አደረገው። እኛስ በየጀመዓችን ሰደቃ ስንሰበስብ፣ ለታካሚ የመኪናና የማደሪያ ብለን ያሰብንበት ጊዜ አለ?

ከዚያ ቀዶ ሕክምናው፣ ኬሞው፣ ጨረሩ። ፀጉራቸው ሲረግፍ ሒጃባቸው ሸፈነላቸው፤ ጎረቤት እንኳ አላወቀም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። ከብብታቸው ዕጢ ስለወጣ ያ ክንዳቸው ያብጣል፣ ይከብዳል። እንሰት መፋቅ፣ ውኃና እንጨት መሸከም እንደ ድሮው አልሆነም። የማንን ሸክም ማን ይሸከማል? በረመዳን ኬሞ ላይ ስለነበሩ ባለመጾማቸው አለቀሱ። አላህ በቁርኣኑ ለታመመ ሰው የሰጠው ሩኽሳ ስጦታ እንጂ ጉድለት እንዳልሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ሱጁድ ሲከብዳቸው ተቀምጠው ሰገዱ። ይህም ሙሉ ሶላት ነው።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን የሰው ነገር ነበር። ለእሳቸው ብቻ ስኒ የለዩ ነበሩ። ካንሰር በስኒ አይተላለፍም፤ በመጨባበጥም፣ አብሮ በመብላትም። ሊጠይቁ መጥተው ስለሞቱ ሰዎች ብቻ አውርተው የሚሄዱም ነበሩ። አንድ ቀን «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ገና አልሞትኩም። ሰው ግን ለቅሶ ደርሶኝ ይሄዳል» አሉኝ።

ባለቤታቸውን ግን ሳላወሳ አላልፍም። ዕድሜ ልካቸውን ሸማ እንጂ ወጥ ያልነኩ ሰው፣ ሚስታቸው ስትታመም ወጡንም ያዙ፣ ውኃውንም ቀዱ። አንዳንዱ ሳቀባቸው። እኔ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንን (ረ.ዐ.) አስታወስኩ። በድር የዘመቱበት ቀን ዑስማን አልዘመቱም፤ ሚስታቸው ሩቀያ፣ የነቢዩ ልጅ፣ ታማ ስለነበር እንዲያስታምሟት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀሯቸው። ከዚያም የዘማች ምንዳና ድርሻ እንዳላቸው ነገሯቸው። ወንድሜ፣ ሚስቱን የሚያስታምም ባል ላይ ከመሳቅህ በፊት የቆመበትን ቦታ እወቅ።

የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። ከቀርቀሃ ተጎንጉኖ የተሠራ፣ ፊቱ ዝሆን የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ከታች ሲበላው ያጥራል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። ቦታ መቀየር ሲያስፈልገውም ሰው ተሰብስቦ፣ ዙሪያውን ይዞ፣ ከነቁመቱ አንስቶ ያዛውረዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሳው አይችልም። የታመመ ሰው ቤትም እንዲሁ ነው።

ዛሬ እኝህ እናት «ድኛለሁ» አይሉም። ኪኒናቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ፣ ለክትትል ይሄዳሉ፣ ቀጠሮ ሲደርስ እንቅልፍ ያጣሉ። ስምንቱ ወር ምን እንዳስከፈላቸው አላህ ነው የሚያውቀው። ግን እንዝርታቸውን ይዘዋል። ሐሙስ ሐሙስ ዶርዜ ገበያ ሲወጡ፣ ጥጥና ፈትል በሚሸጡት ሴቶች መሃል ቁጭ ብለው ሙስሊሟንም ክርስቲያኗንም በጋሞኛ «ጡትሽን ዳብሰሽ ታውቂያለሽ?» ይሏታል። የምትስቅ አለች፣ የምትቆጣ አለች። ዝም ብላ ቆይታ፣ ሰው ሲበተን ተመልሳ የምትመጣም አለች። እሷን ይዘዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። መድረክም ማይክም የላቸውም። ይህን ታሪክ ስሜ ሳይጠራ ንገርልኝ ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ለእናትህ ደውል። «እማ፣ የሚያስጨንቅሽ ሕመም አለ?» በላት። ከከበደህ እህትህ ትጠይቃት። አንቺም እህቴ፣ እናትሽን፣ አክስትሽን፣ ራስሽንም ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ምልክት ያየች ሴት ካለች «እስኪ እንየው» አትበሏት። በዚያው ሳምንት ይዛችኋት ሂዱ፣ ወረፋውንም አብራችኋት ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ የታመመ ስትዘይሩ ሥራ ያዙ። ውኃ ቅዱ፣ ልጅ አጥኑ። ጉንፋን ከያዛችሁ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ዘንድ አትግቡ፤ በስልክ ዱዓ አድርጉለት። ስለ ሞተ ሰው አታውሩ።

አራተኛ፣ እንደኔ ለምታስተምሩ፦ ስለ ሐያእ ባስተማራችሁ ቁጥር የሕክምናውን ሑክም አብራችሁ አስተምሩ። ከመጋረጃው ወዲያ ማን እንደተቀመጠ አታውቁም።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት ይፈለጋል። እንዲህ በሉ፦

ያ አላህ፣ ሕመማቸውን የደበቁ እናቶቻችንን አንደበት ፍታላቸው። ሐኪሞቻችንን እጃቸውን አቅናላቸው። በሕክምና ላይ ላሉት ዓፊያቸውን መልስላቸው፣ ሕመማቸውንም የወንጀላቸው ማበሻ አድርግላቸው። የቀደሙንን በራሕመትህ ተቀበላቸው። እኛንም ተናግረን ካዳንን አድርገን እንጂ፣ ዝም ብለን ከቀበርን አታድርገን። ኣሚን።

ይህን ለአንዲት እናት አንብቡላት።