ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል?

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን፣ “ተግባብተናል?” ብዬ ክፍሉ ጭጭ ሲል፣ “ደግ፣ እንቀጥል” እል ነበር። ፈተና ሳርም ነው ጉዴ የሚወጣው።

ይህን ያስታወሰኝ የሶፍትዌር ወግ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባል፣ በኢንተርኔት የምንላላከውን ምስጢር የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ የብዙ ሰው መዋጮ ነው። አሮጌው ፈቃዱ ከአንዳንድ ነጻ ሶፍትዌሮች ጋር ለማጣመር ስላስቸገረ፣ ኃላፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ሊለውጡት ተነሱ። ወደ 400 ለሚጠጉ አዋጪዎች ጻፉ። መልስ ያልሰጠ እንዳልተቃወመ ይቆጠራል የሚል ቃልም አከሉበት። ተቆጪ አልጠፋም፤ እኔም ከተቆጪዎቹ ጋር ነኝ። አድራሻው የተለወጠ አለ፤ የሞተም ይኖራል። ሙት “እሺ” ይላል እንዴ? ደግነቱ በዓመቱ የቀሩትን ጥቂት ሰዎች በይፋ ያፈላልጉ ነበር። አዲሱ ፈቃድም በ2021 ከሦስተኛው እትም ጋር ወጣ።

እንግዲያው ያዋጣ ሁሉ “እሺ” ሳይል የጋራ ነገር ውል አይነካም እንበል? እዚህ ላይ መንዝ ትዝ ይለኛል። መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው ጓሳ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቋል። የአስቦና የጌራ አቅኚዎች ዘሮች አለቃ እየመረጡ ሣሩን ለዓመታት ይከለክሉታል፤ ሲፈቀድ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ጠባቂዎቹን ማን ጠየቃቸው? ማንም! ግን ዘሩ ከአቅኚዎቹ ስላልሆነ በሣሩ ላይ መብት ያልነበረው ጎረቤትስ? በሩ የተከፈተለት ያን ጊዜ ነው። ባለመብቶቹ ብቻ ቢጠየቁ ኖሮ ይከፍቱለት ነበር? እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ያዋጣ ሰው የራሱን ላብ መከልከል ይችላል፤ የሌላውን ግን አይችልም ባይ ነኝ። ኮድ ለዚህ ይመቻል፤ እምቢ ያለውን ወይም የጠፋውን ሰው ድርሻ አውጥቶ እንደ አዲስ መጻፍ ይቻላል። ድካም ነው፣ ግን በሰው አፍ ቃል ከማስገባት ይሻላል። መሬት ግን እንዲህ አይነቀስም። እዚያ ያዋጣውም የተገለለውም አብረው መቀመጥ አለባቸው። ጓሳም ከአዋጁ በኋላ የቆየው፣ ኅብረተሰቡ ከየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ መጠበቁን ባለመተዉ ነው።

“ዝም አይነቅዝም” ይባላል። ሌላው ሰው “እሺ” ብሎ ሲተረጉመው ግን ይነቅዛል። እነዚያን ተማሪዎቼን ሁለተኛ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት?