ንስሓ ግባ፤ ሆም ዳይሬክተሪህንም አጽዳ

አንተ ትናንት ማታ የላቡን የጋራ ኮንዳ ኢንቫይሮንመንት አፕዴት አድርገህ ቤትህ ገብተህ የተኛህ ሰው፣ ስማ! የላብ ባልደረባህ ጂፒዩ ለማግኘት በስለርም ወረፋ ሦስት ቀን ጠብቃለች። ሌሊት ተራዋ ደረሰ፤ ሥራዋ ግን ገና ኢምፖርት ላይ ሞተ፤ አፕዴትህ ኑምፓይንም ቀይሮት ነበርና። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ኑምፓይ 2.0 ሲወጣ፣ ለቀድሞው ኑምፓይ ኮምፓይል የተደረጉ ላይብረሪዎች አብረውት እንደማይሠሩ ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው። ኮንዳም የሚቀየረውን ፓኬጅ ሁሉ ፊትህ ደርድሮ «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ጠይቆህ ነበር። ሳታነብ ኢንተር መታህ። «ለሁላችንም ብዬ ነው» ትላለህ፤ ማንን አማከርክ?

ይህም የመጀመሪያ በደልህ አይደለም። ፈቃድ በተከለከልክ ቁጥር በፒፕ ዩዘር እየጫንክ ዶት ሎካል በሚባለው ድብቅ ፎልደር ያጨቅኸው ፓኬጅ አለ። አንተ ረስተኸዋል፤ ፓይተን ግን አልረሳውም። የፓይተኑ ቨርዥን እስከተመሳሰለ ድረስ፣ ዛሬ በፈጠርከው የኮንዳ ኢንቫይሮንመንት ውስጥ እንኳ ያንኑ አሮጌ ፓኬጅ አስቀድሞ ያነሣል። ከዚያ «ክላስተሩ ተበላሽቷል» ብለህ ኢሜይል ትጽፍልናለህ። ክላስተሩ ደህና ነው።

አንድ የኮንዳ ኢንቫይሮንመንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሊኖሩት ይችላል። በክላስተሩ የጋራ ፋይል ሲስተም፣ በሉስተር ላይ፣ የእነዚህን ሁሉ ስምና ቦታ የሚያውቁት ጥቂት የሜታዳታ ሰርቨሮች ናቸው። 200 ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ አስነሥተህ ሁሉም እነዚያን ፋይሎች መክፈት ሲጀምሩ፣ አንተን የማያውቅ ሰው ሌላ ሕንፃ ውስጥ «ኤልኤስ» ጽፎ ተርሚናሉ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ምን በደለህ?

የፔፐር ዴድላይን ደርሶብኝ ነው አትበለኝ። ገምጋሚው ውጤቱን በየትኛው ቨርዥን እንዳገኘኸው ቢጠይቅህ ምን ልትመልስ ነው?

እንግዲህ ተመለስ! በአፍ ብቻ አይደለም። ዶት ሎካልን ባዶ አድርግ። «ቴስት»፣ «ቴስት 2»፣ «ፋይናል»፣ «እውነተኛው ፋይናል» እያልክ የሰየምካቸውን ኢንቫይሮንመንቶች አጥፋ፤ የኮንዳን ካሽም አብረህ ጥረግ። ለየፕሮጀክቱ የራሱን ኢንቫይሮንመንት ፍጠርለት፤ ፓኬጆቹን ከነቨርዥናቸው፣ የምትጭናቸውን ሞጁሎችም ጭምር ጽፈህ ከኮድህ ጋር ጊት ውስጥ አስገባ። ሎግኢን ኖድ ላይ ከባድ ነገር አትገንባ፤ ኢንተራክቲቭ ጆብ ጠይቅ። ብዙ ኖድ ላይ የሚሮጥ ከሆነ በአፕቴይነር ኮንቴይነር ጠቅልለው፤ ያ ሁሉ ፋይል አንድ ፋይል ይሆናል። የጋራውን ኢንቫይሮንመንት ከእንግዲህ አትንካው፤ አዲስ ቨርዥን ካስፈለገህ በሌላ ስም አጠገቡ ሥራ።

ከሁሉ በፊት ግን ሄደህ ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቃት፤ ሥራዋ እንደገና ወረፋ ገብቷል። ይህን ሁሉ ስትጨርስ፣ ባለፈው ሳምንት የላክኸውን የኮታ ጭማሪ ጥያቄ እናየዋለን።