መላ ጨምርበት

18 ማዞሪያ፣ ጀበና ቡና ከሚጠጣባቸው ደጃፎች በአንዱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁበት ሰዓት ስለሆነ መንገዱ በዩኒፎርም ተሞልቷል። የጎረቤቴ ልጅ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ስልኩን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ነገ በሚኒ ሚዲያ ልናነባት ነው።»

«ነጋዴዎች የደበቁት ዘይት በመጋዘን ተያዘ» ይላል። ከሥሩም ጀሪካን እስከ ጣራ የተደረደረበት ፎቶ አለ። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት በዘይት ዋጋ ከሰፈራችን ባለሱቅ ጋር ተጨቃጭቄ ነው የወጣሁት። ጽሑፉን ሳልጨርስ፣ «እነሱማ ይሄም ያንስባቸዋል!» አልኩ።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ በምን አወቁ?» አለኝ።

በምን አወቅሁ? ከምንም! ልጁ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋና በመጋዘኑ በር ላይ የቆመች የጭነት መኪና አሳየኝ። ታርጋዋ የኛ አገር አይደለም። እኔ ጀሪካኑን እንጂ መኪናዋን አላየሁም ነበር። ለካ ዓይኔ የሚያየው ልቤ የፈለገውን ኖሯል።

ነገሩን የሚያሳፍር የሚያደርገው የቀድሞ ሥራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ልብ ወለድ በገለጥን ቁጥር «ይሄን የሚተርክልን ማነው? ከየት ቆሞ አየው? ምን ደበቀን?» እያልኩ ተማሪ አስጨንቅ ነበር። ፈተና ሲደርስ ግን ጥሩ ማርክ የሚያገኘው ማን ነበር? የራሴን ኖት ቃል በቃል የመለሰልኝ! «በምን አወቁ?» ያለኝ ተማሪ ግን አላስታውስም። ብሎኝ ቢሆን ኖሮም የምወደው አይመስለኝም።

አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። ጨው ጨምርበት አላሉም፤ ጨው የሚጨምረውማ ሞልቷል። መላው የሚቸግረን ወሬው ከልባችን ጋር ሲገጥም ነው። የማንወደውን ወሬ ለመጠራጠር ትምህርት አያስፈልገንም፤ ሁላችንም ለዚያ ሊቅ ነን።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም በሚባል ቦታ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በሰው እጅ ተገደሉ። ልጆችን ሊጎዱ ነው የመጡት የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ወሬው ሐሰት ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ግን ወሬው የገባበት በር ነው። ያ ሕዝብ የተነሣው በሌላ ሳይሆን በልጅ ፍቅር ነው። ውሸት በክፋታችን በኩል ብቻ ቢገባ ኖሮ ደግ ሰው ሁሉ በዳነ። የሚገባው ግን በፍቅራችንም፣ በፍርሃታችንም፣ እንደኔ ደግሞ በዘይት ንዴታችንም ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። ሕግ ያሰራጨውን ይጠይቅ ይሆናል። የሰማው ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ «ቆይ እስቲ» ሊል ግን አይችልም። ያንን የሚያደርገው አስተማሪና ወላጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለ። «ልጆቹን መጠራጠር ካስተማርናቸው ነገ እኛንም አያምኑም» የሚሉ መምህራን ገጥመውኛል። እውነታቸውን ነው፤ አያምኑንም። ለዚህ ዝግጁ ያልሆነ ሰው ቢተወው ይሻላል። ታላቅን «በምን አወቁ?» ማለት ግን ከውጭ የመጣ ብልግና አይደለም። በዛፍ ጥላ ሥር በላ ልበልሃ እያሉ የተሟገቱት አያቶቻችን ሲጠይቁና ሲጠየቁ የኖሩ ናቸው። ጥያቄውን ከችሎቱ ወደ ክፍል ማስገባት ነው ያቃተን።

ሌላው ስጋት ይብሳል። ሁሉን የሚጠራጠር ልጅ «ሁሉም ውሸታም ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይችላል። ሁሉን ማመንና ምንም አለማመን፣ ሁለቱም ከማጣራት ድካም ያድናሉ። ስንፍናቸው አንድ ነው።

ይሄን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔማ ከአንዱ ገደል ወጥቼ ሌላው ውስጥ ገባሁ። ታርጋዋን እንዳየሁ፣ «በል ተወው፣ ወሬው ውሸት ነው!» አልኩት።

«እሱንም ገና አናውቅም እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። «ያወቅነው ፎቶው የኛ አለመሆኑን ብቻ ነው።»

ቡናዬ በረደ። ለካ በማመንና በመካድ መሃል «ገና አላወቅሁም» የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ላይ መቆም ያደክማል፤ ጭብጨባም የለውም።

«ታዲያ ነገ ምን ልታነቡ ነው?»

«ይቺኑ ነዋ! ፎቶው የሌላ አገር መሆኑን ጨምረን። የቀረውን ያጣራ እንዲነግረን እንጠይቃለን።»

በነጋታው ወደ ባለሱቁ ሄድኩ። ዘይቱ አሁንም ውድ ነው። እንደ ወትሮዬ ከመጨቃጨቄ በፊት ግን፣ «አንተስ ስንት ገዝተኸው ነው?» አልኩት። ይሄን ያህል ዓመት ደንበኛው ስሆን ጠይቄው አላውቅም ነበር።