ቃሬዛው የሚመለስበት ቦታ



በእብናት ገጠር ሰው ጠንቶበት ሲታመም ጎረቤት እስኪጠራ አይጠብቅም። ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ፣ ላዩ ላይ ቁርበትና ጋቢ፤ ቃሬዛው ይኸው ነው። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎች ከኋላ እየተከተሉ ይቀያይራሉ። ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዳገቱና ቁልቁለቱ አልፎ ከተማ ይደረሳል። በሽተኛው አውቶቡስ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ቃሬዛው ባዶውን ወደ መንደሩ ይመለሳል። ተሸካሚዎቹ "አላህ ያሽርሽ!" ብለው ይሰናበታሉ፤ የድርሻቸውንም ተወጥተዋል።

በ2005 ዓ.ም. አክስቴ የመጣችው እንዲሁ ነበር። ቃሬዛው እስከ እብናት፣ አውቶቡሱ በአዲስ ዘመንና በባሕር ዳር በኩል እስከ አዲስ አበባ አደረሳት። የጡት ነቀርሳ (ካንሰር) ነበር። እኔ ያኔ ባለ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖር ነበር። አልጋውን ለእርሷ ለቅቀን እኛ መሬት ተኛን። ክፉ ቃል ከአፋችን አልወጣም። ነገር ግን ልጆቹ ሲያስሉ ትሰማለች፤ ባለቤቴ የሽሮውን ጣሳ ስትገለብጥ ታያለች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሕክምናው ገና በጅምሩ ሳለ፣ "ልጄ፣ የሰው አልጋ ይቆረቁራል፤ ወደ ቤቴ ሸኘኝ" አለችኝ። ለወጉ ያህል አንድ ሁለቴ ለመንኳት። ከዚያም ትኬት ቆረጥኩላት። ስቆርጥላት በልቤ ቅልል ያለኝን ነገር አላህ ያውቀዋል። ዓመት ሳይሞላ መርዶዋ መጣ።

ጥፋቱን በማንም ላይ አላሳብብም። ሕክምናውን ብትጨርስ ትድን ነበር ብዬም አልምልም፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ የጎረቤት ግዴታ የት ላይ ያበቃል? ቃሬዛው የሚመለስበት ቦታ ላይ ነውን?

በሽታው የሚጠይቀው

ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ነቀርሳ እንደ ወባ በአንድ ሳምንት ክኒን የሚሸኝ አይደለም። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በአብዛኛው በየሦስት ሳምንቱ የሚደጋገም ሲሆን ስድስት ዙርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። የጨረር ሕክምናው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለበርካታ ሳምንታት የሚሰጥ ነው። ጨረሩ በየቀኑ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ታማሚውም ሆስፒታል አይተኛም። እንግዲህ ቀሪውን ሃያ ሦስት ሰዓት ከምናምን የት ይዋል? የት ይደር? ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ጥያቄ አይደለም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለመጣ የእብናት ገበሬ ግን ከመድኃኒቱ እኩል ነው። ማደሪያ ያጣ ታማሚ ሕክምናውን ያቋርጣል፤ የተቋረጠ ሕክምና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡንም ተስፋውንም ይዞ ይጠፋል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ብቸኛው ማዕከል እርሱ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ተጨምረዋል፤ የመድኃኒቱ ሕክምናም ጎንደርና ባሕር ዳር ደርሷል። አልሐምዱሊላህ፣ መንገዱ አጥሯል፤ ግን አልጠፋም። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 77 ሺህ የሚጠጋ ሰው አዲስ ታማሚ ሲሆን፣ ከ51 ሺህ በላይ የሚሆነው በዚሁ በሽታ ይሞታል። በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚውን ስፍራ ይዘዋል። ይህ ማለት በየመስጊዳችን ሰፍ ውስጥ ጎናችን የቆመው ሰው እናት ወይም ሚስት ማለት ነው።

ሦስት መልሶች

ጥያቄውን ላነሳሁላቸው ሰዎች ሁሉ ሦስት ዓይነት መልስ አገኛለሁ። የመጀመሪያው "ይህ የመንግሥት ሥራ ነው" የሚል ነው። እውነት አለው፤ ሆስፒታል የሚሠራው፣ ሐኪም የሚያሠለጥነው መንግሥት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች። ይሁንና የመድን መታወቂያ የሕክምና ወጪ ይችላል እንጂ የአውቶቡስ ትኬት አይቆርጥም፤ የአስታማሚውን ምሳም አይከፍልም። ሌሊት ሲያቃስት "ምን ልስጥህ?" የሚል ሰውም በበጀት አይያዝም።

ሁለተኛው መልስ "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" የሚለው ነው። ቤተሰብ ግን ከበሽተኛው ጋር አብሮ የሚታመም ነው። አስቀድሞ በግ፣ ቀጥሎ በሬ ይሸጣል፤ በመጨረሻ መሬቱ ለሌላ እኩል ይሰጣል። ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አስታማሚ ይሆናል። በዚህ ላይ ነገሩ ይደበቃል። "ነቀርሳ" የሚለው ቃል እንደ ስድብ ስለሚፈራ በሽተኛው ለጎረቤት ቀርቶ ለራሱም አይነገረውም። የተደበቀ በሽታ ደግሞ ጠያቂ የለውም። ታማሚን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ከሕፃንነታችን ተምረናል፤ መታመሙ ያልተነገረንን ሰው ግን እንዴት እንጠይቀው?

ሦስተኛው መልስ ከባዱ ነው። "አርፍዶ የመጣ ነቀርሳ አይድንም፤ ለማይድን ሰው ከማውጣት በረሃብ የሚያድረውን ጤነኛ ሕፃን ማብላት አይሻልምን?" የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ጨካኞች አይደሉም፤ ሒሳብ የሚያውቁ ናቸው። ሒሳባቸው ግን አንድ ነገር ዘሎ አልፏል። የሰው ክብር በመዳኑ አይለካም። ጀናዛን አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደን የምንቀብረው ይነሣልናል ብለን ነውን? ለሞተው ይህን ያህል ሐቅ ካለብን፣ ገና እየተነፈሰ ላለው፣ ለሚያመውና ለሚፈራው እንዴት ያነሰ ይሆናል?

እብናት ይህን ሒሳብ ከማንም በፊት አይታዋለች። በ1977ቱ ድርቅ በእብናት መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በሚያዝያ ወር የደርግ ሹማምንት "ዝናብ መጥቷል፤ ወደ ቀያችሁ" ብለው መጠለያውን በትነው ጎጆዎቹን አቃጠሉ። እግሩ ያልጸና ሰው ሁሉ በዚያው ገደል መንገድ እንዲሄድ ተደረገ። ዓለም በቁጣ ጮኸ፤ ቆይቶ መንግሥቱም ስሕተት ነበር አለ። ሐኪም አክሞ "ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፤ ወደ ቤትህ" ያለውን ታማሚ እኛ ያለ አንድ አጃቢ መናኸሪያ ላይ ስንተወው፣ ልዩነቱ እሳቱ አለመኖሩ ብቻ አይደለምን?

የማንም ያልሆነ አልጋ

ዲናችን ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለም። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ መንገደኛው ነው። ፉቀሃዎች እንደሚያብራሩት በአገሩ ሀብት ቢኖረው እንኳ፣ በመንገድ ላይ ከሀብቱ ተቆርጦ የቀረ ሰው ድርሻ አለው። የእብናቱ ገበሬ በአገሩ መሬትና ላም ይኖረው ይሆናል፤ ልደታ ወይም መርካቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ግን ከእነርሱ ተቆርጧል። ከዚህ የበለጠ መንገደኛ ማን አለ? ሰደቃውና ወቅፉ ደግሞ ከዘካ ሰፍተው ሙስሊም ላልሆነውም ይደርሳሉ። ግዴታውም የፈርድ ኪፋያ ጠባይ አለው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዳችን "ሌላው አድርጎታል" ብለን አምነን ቤታችን እንገባለን።

አክስቴ ለምን እንደሄደች የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አልጋው ባለቤት ነበረው። ስትተኛበት የተነሣውን ሰው ታውቀዋለች፤ በየማለዳው ፊቱን ታያለች። ውለታን መልሶ መክፈል የለመደ የአገሬ ሰው፣ ሊመልሰው የማይችለውን ውለታ ከበሽታው አስበልጦ ይፈራዋል። ችሮታን በመመጻደቅ ማበላሸት በዲናችን የተወገዘ ነው፤ እኔ አልተመጻደቅሁም፤ ጥበቱ ግን ስለ እኔ ተናገረ። ወቅፍ የሚባለው ሥርዓት ጥበቡ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወቅፍ የሆነ ቤት ከሰጪው እጅ ወጥቷል፤ ለአላህ የተተወ ነውና ማንም "የእኔ" አይለውም። በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ በሱልጣን ቀላውን የተሠራው የመንሱሪ ሆስፒታል ሀብታሙንም ድሃውንም በነጻ ያክም የነበረው በዚህ መንገድ ነው። የማንም ባልሆነ አልጋ ላይ የተኛ ሰው የማንንም ፊት አያይም። የነጻ አገልግሎት ትርጉም ዋጋ አለመክፈል ብቻ አይደለም፤ በውለታ አለመታሰርም ነው።

ይህን በተግባር ያሳዩን ወገኖች በአገራችን አሉ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ከየክልሉ ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ታማሚዎች ማረፊያ፣ ምግብና መጓጓዣ ይሰጣል። ተስፋ አዲስ የተባለውም ማኅበር ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ያቋቋሙት ሲሆን፣ ሕፃናትን ከነአስታማሚዎቻቸው ያስጠልላል። ሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊድኑ ለማይችሉት ሳይቀር ሕመማቸውን የሚያስታግስ አገልግሎት እስከ ቤታቸው ያደርሳል። ለሦስተኛው መልስ ከእኔ ብዕር ይልቅ የእርሳቸው ሥራ የበቃ መልስ ነው። በዚያው በፎገራ ደግሞ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሳምንት አንድ ቀን "ለወገን ደራሽ" ብሎ ለታመመና ለደከመ ይሠራል። በእምነት ረገድ መንገዳችን ከእነርሱ ጋር አንድ አይደለም። በበጎ ሥራ ግን መቅደም የነበረብን እኛ አልነበርንምን?

ከኛ የሚጠበቀው

ታላቅ ሕንፃ እንሥራ አላልኩም። ኢድሮቻችን የሚያውቁን ስንሞት ነው፤ ድንኳኑና ብሩ የሚመጣው ለቀብር ነው። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱ ለቀጣዩ ዙር ሕክምና መሄጃ እንዲሆን ደንቡን ማሻሻል በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነው። የመስጊድ ጀማዓ በመናኸሪያና በሆስፒታል አቅራቢያ አንድ ሁለት ክፍል በወቅፍ ቢይዝ፣ የሚያስፈልገው አልጋ፣ ብርድ ልብስና ምድጃ ነው። የሚያዋጣው ብር የሌለው ወጣት በሳምንት ግማሽ ቀን ቢኖረው፣ ከተማውን የማያውቀውን ሰው ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ ይዞት ይዙር። ከሁሉ በፊት ደግሞ ስሙን እንጥራው። "ነቀርሳ ነው" ብለን በግልጽ መናገር ከቻልን ያልታመመችውም ቶሎ ትመረመራለች።

ተሸካሚዎቹን አልወቅስም። እነርሱ ዳገቱን ወጥተው፣ ትከሻቸው ተልጦ የድርሻቸውን አድርሰዋል። ቃሬዛው እብናት ላይ ተመልሷል፤ ሌላኛውን ጫፍ መያዝ የነበረብን እኛ የከተማዎቹ ነን። እኔ ያኔ አልያዝኩም። ይህን የጻፍኩት ዛሬ ማታ ላምበረት መናኸሪያ የምትወርድ ሌላ አክስት ስላለች ነው።

አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽር፤ እኛንም ከሚደርሱት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።