ከጫካ የገባ ሰው ዕዳ

የአልሸባብ ምክትል መሪና ቃል አቀባይ የነበረው ሙክታር ሮቦው ነሐሴ 2009 ዓ.ም. በባኮል፣ ሁዱር ከተማ ለሶማሊያ መንግሥት እጁን ሰጠ። አሜሪካ በ2004 ዓ.ም. ያለበትን ለጠቆመ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እከፍላለሁ ብላ ነበር፤ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀደም ብላ ግን ሽልማቱን ሰረዘችው። ሞቃዲሾ ደርሶ በጋዜጠኞች ፊት ድርጅቱን አወገዘ፣ በዚያው አበቃ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሐሳብ «ይህ ሰው መከሰስ ነበረበት» የሚል ነው። ሐሳቡን ትንሽ ስገፋው ግን ይንገዳገዳል። ለሚገባው ሁሉ እስር ብቻ የሚያሳይ መንግሥት ማንን ከጫካ ያስወጣል? መውጫ ያጣ ተዋጊ እስከ መጨረሻ ጥይቱ ይዋጋል፤ ጥይቱ የሚያርፈው ደግሞ ገበያ የወጣ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ መንግሥት «አልቀጣህም» የማለት መብት አለው ብዬ ልቀበል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በሚታይበት ምሽት ካምፓላ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ አንዱ የራግቢ ክለብ፣ ሌላው ካባላጋላ ያለው «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ምግብ ቤት ነበር። ኳስ ሊያዩ ከተቀመጡት ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኃላፊነቱን አልሸባብ ወሰደ። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በኡጋንዳና በቡሩንዲ ላይ ጥቃት እንዲፈጸም ሮቦው ጥሪ ማቅረቡ በወቅቱ ተዘግቧል። በ2008 ዓ.ም. የኡጋንዳ ፍርድ ቤት በጥቃቱ ከፈረደባቸው መካከል ዕድሜ ልክ የተበየነባቸው አሉ። የሮቦው ድርሻ ከንግግር ያልፍ እንደሆነ ግን ማንም ችሎት አላጣራም። ሞቃዲሾ የራሷን በትር ማስቀመጥ ትችል ይሆናል፤ ካምፓላ ውስጥ ልጁን የቀበረ አባት እውነቱን እንዳያውቅ የመወሰን ሥልጣን ግን ከየት አመጣች? ስለዚህ የምሕረቱ ዋጋ ቃል መስጠት መሆን ነበረበት እላለሁ፦ ማን አዘዘ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ እኔ የት ነበርኩ፤ ይህ ሁሉ በመዝገብ።

«እንዲህ ከተባለ ማንም አይገባም» የሚል ይኖራል። ሮቦው የገባው ግን ከአልሸባብ መሪ ከነበረው ከጎዳኔ ጋር ተጣልቶ ዓመታት በጎሳው መካከል ከከረመ በኋላ፣ የቀድሞ ጓዶቹ መንደሩ ድረስ መጥተው ሲወጉት ነው። ያን ቀን የቸገረው እሱ ነው፤ መንግሥት ብዙ መጠየቅ ይችል ነበር። ስምምነቱ በግልጽ አለመጻፉ ራሱንም ጎዳው። ለሶማሊያ ደቡብ ምዕራብ ክልል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ባይደዋ ላይ ተያዘ። ክሱ የካምፓላ ወይም የሞቃዲሾ ደም አልነበረም፤ ታጣቂና መሣሪያ ከተማ አስገባህ ነው የተባለው። በአፈናው የኢትዮጵያ ወታደሮች እጅ አለበት ተባለ፣ በሶማሊያ የነበረው የአፍሪካ ኅብረት ጦር አሚሶም አስተባበለ። በተቃውሞው ሰዎች ሞቱ፤ የእስሩን ሕጋዊ መሠረት የጠየቁት የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ ኒኮላስ ሄይሶም ከአገር ተባረሩ። ሮቦው ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ተይዞ፣ ያለ ፍርድ ወጥቶ ተሾመ። ሲታሰርም ሲሾምም ያለፈው ሥራው አልተነሣም፤ የተነሣው የጊዜው ፖለቲካ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ መከራከሪያ «ቢናገር ይገድሉታል» የሚለው ነው። ነገር ግን አልሸባብ ከሃዲ ብሎ የዘመተበት ገና አንድ ምስጢር ሳያወጣ ነበር። ዝምታው ከጓዶቹ ካላዳነው፣ አሁን ከለላ የሚሆነው ለማን ነው?